በመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ ያለች ወረቀት

(በአንድ የአገልጋዮች ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

ጤና ይስጥልን። አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «አሚሾችን ቀርበህ አይተሃቸዋልና የገጠር አስተዳደጋቸው እምነታቸውንና አገልግሎታቸውን እንዴት እንደሚቀርጸው ንገረን» አሉኝ። እሺ ከማለቴ በፊት ግን አንድ ነገር አስታወቅኳቸው፤ እኔ የነገረ መለኮት ምሁር አይደለሁም። አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ላንካስተር አካባቢ ስኖር የአሚሾች፣ ማለትም ከዘመናዊው ኑሮ ርቀው በገጠር በማኅበር የሚኖሩና በፈረስ ጋሪ የሚሄዱ ክርስቲያኖች፣ ሹፌር ነበርኩ። አሚሽ መኪና አይገዛም፣ አይነዳምም፤ በሰው መኪና ተሳፍሮ መሄድ ግን ይፈቀድለታል። ስለዚህ ራቅ ያለ ቦታ ሥራ ያላቸው አናጢዎች ሹፌር ከነመኪናው ይቀጥራሉ። ሦስት ዓመት ያህል በየማለዳው አምስት ስድስት ሰው ከነመዶሻውና ከነምሳ ዕቃው ጭኜ አመላለስኩ።

አሚሾች አሚሽ ያልሆነውን ሰው ሁሉ «እንግሊዝ» ነው የሚሉት። ጣሊያኑም እንግሊዝ ነው፣ ሜክሲኮውም እንግሊዝ ነው። እኔም የናዝሬት ልጅ፣ በዚህ መልኬ፣ «እንግሊዙ ሹፌራችን» እየተባልኩ ኖርኩ። እናቴ በስልክ ስነግራት «ምነው፣ ምን አጠፋህ?» ነበር ያለችኝ።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር የጀመረው አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ሁልጊዜ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ስለ ፈረስና ስለ አየር ሁኔታ የሚያጫውተኝ፣ ዕድሜው ሠላሳ አካባቢ የሆነ አናጢ ነበር። ያን ዕለት ገባ፣ ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ዝም አለ። ከኋላ ያሉትም ዝም አሉ። ከለቅሶ ቤት የመጡ ይመስሉ ነበር። «ሰው ሞቶባችሁ ነው እንዴ?» ብዬ ብጠይቅ ከኋላ አንዱ ሽማግሌ ቀስ ብለው «ትናንት እጣው እሱ ላይ ወደቀ» አሉኝ።

የእጣውን ነገር ላስረዳችሁ። አንድ የአሚሽ አጥቢያ ከ20 እስከ 40 አባወራ ይይዛል። አንድ ጳጳስ፣ ሁለት ሰባኪዎችና አንድ ዲያቆን አሉት። ለአንዳቸውም ደመወዝ የለም፤ ሴሚናሪ የሚባል ነገር የለም፤ ማመልከቻ የሚያስገባም የለም። «ጌታ ለአገልግሎት ጠርቶኛል» ብሎ የሚነሳ ሰው ቢኖር ያ ንግግሩ ራሱ ይጥለዋል፤ ትዕቢተኛ ነው ይባላል። አገልጋይ ሲያስፈልግ ከጌታ ራት ሥርዓት በኋላ አባላቱ፣ ወንዱም ሴቱም፣ በተራ ወደ አንድ ክፍል በር እየቀረቡ የአንድ ያገባ ወንድ ስም በሹክሹክታ ይናገራሉ። ሦስት ሰው ስሙን የጠራለት (ሁለትም የሚበቃበት ሰፈር አለ) ለእጣ ይቀርባል። በተጠሩት ሰዎች ቁጥር ልክ የመዝሙር መጻሕፍት ይዘጋጃሉ። ከአንዱ መጽሐፍ ውስጥ ጥቅስ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ትገባለች፤ መጻሕፍቱ ታስረው ይደባለቁና ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ያነሳል። ጳጳሱ በተራ እየከፈተ ያያል። ወረቀቷ የተገኘችበት ሰው እዚያው፣ በዚያው ሰዓት፣ ይሾማል፤ ሹመቱም እስከ ዕለተ ሞቱ ነው። በይሁዳ ፈንታ ማትያስ በእጣ እንደተተካ ታስታውሳላችሁ፤ እነሱም የሚጠቅሱት ያንን ነው።

እልልታ የለም፣ ጭብጨባ የለም። ሰው ያለቅሳል። አናጢው ወራት ካለፉ በኋላ ሲነግረኝ፣ ጳጳሱ መጽሐፉን ሲከፍት ከሁሉ በፊት የሰማው ከሴቶቹ ወንበር የመጣውን የሚስቱን ሳግ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንቱ መካከል ሙሉ ቀን ሥራውን ይሠራል፤ ማታ ማታ መጽሐፍ ቅዱሱን በጀርመንኛ ያጠናል፤ የተጣላ ያስታርቃል፤ ሠርግና ቀብር ሲጠራ መዶሻውን አስቀምጦ ይሄዳል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ቆሞ መስበክ አለበት፣ ያለ አንዲት ማስታወሻ።

እኔ ያን ጊዜ «ይህ ምስኪን ትናንት ጣራ ሲመታ የነበረ ሰው ነገ እንዴት ሰባኪ ይሆናል?» ብዬ አሰብኩ። ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን ካየሁ በኋላ ግን ጥያቄዬ ተለወጠ። ሰውዬው ከተወለደ ጀምሮ ሲሠለጥን ነው የኖረው። ሥልጠና ነው ብሎ የነገረው ብቻ የለም።

ከወንበሩ ልጀምር። አሚሾች የጸሎት ቤት የላቸውም። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ በተራ በአንዱ ቤት፣ ወይም በከብት በረቱ፣ ወይም በእንጨት ሥራ ቤቱ ይሰበሰባሉ። መደገፊያ የሌላቸው ረጃጅም አግዳሚዎች በጋሪ ተጭነው ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ የእድራችንን ወንበርና ድንኳን አስቡ። ጉባኤው ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የሕፃናት ክፍል፣ የወጣቶች ፕሮግራም የሚባል የለም። የሁለት ዓመቱ ልጅ ከአባቱ ጭን ላይ፣ የሰማንያ ዓመቱ ሽማግሌ ከጎኑ። መሃል ላይ ለትንንሾቹ ብስኩት ይታደላል፤ እሱ ነው ማባበያው። አንድ ልጅ አሥር ዓመት ሳይሞላው ስንት መቶ ሰዓት ዝም ብሎ እንደተቀመጠ እናንተው አስሉት። መቀመጥን፣ መጠበቅን፣ አለመቅደምን እዚያ ይማራል።

መዝሙሩም እንደዚያው ነው። የሚዘምሩበት መጽሐፍ አውስቡንድ ይባላል። መሠረቱ በፈረንጆቹ ከ1535 እስከ 1540 በዳኑብ ዳር፣ በፓሳው ግንብ እስር ቤት የነበሩ አናባፕቲስቶች (ሕፃን አይጠመቅም፣ አምኖ የወሰነ ብቻ ይጠመቃል የሚሉ ክርስቲያኖች) የጻፏቸው መዝሙሮች ናቸው። ዜማው በመጽሐፉ ላይ አልተጻፈም፤ ልጅ ከአባቱ አፍ ይቀበለዋል። በየጉባኤው ሁለተኛ ሆኖ የሚዘመረው የምስጋና መዝሙር አራት አንቀጽ ብቻ ነው፤ ግን ሃያ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። አንዷን ፊደል እንደ ክር ይስቧታል። መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ እንቅልፌ መጣ፤ ኋላ ላይ ግን ልጅ ሳለሁ ከአያቴ ጋር ማኅሌት ቆሜ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ትዝ አሉኝ። ማኅሌት የቆመ ሰው ይህን ነገር ይረዳዋል፤ እኔን ጨምሮ ኪቦርድ የለመድነው ትንሽ ይቸግረናል።

ቤት የሚናገሩት ፔንሲልቬንያ ደች የሚባለውን የጀርመንኛ ዘዬ ነው። እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ሲገቡ ይማራሉ። መጽሐፍ ቅዱስና ጸሎት ደግሞ በከፍተኛው ጀርመንኛ። ሕፃኑ ሳይነግሩት ይገባዋል፤ አንዱ ቋንቋ የእናት ነው፣ አንዱ የገበያ፣ አንዱ የእግዚአብሔር። እኛስ ግእዝ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ እያልን የምንኖረው ከዚህ በምን ይለያል?

ትምህርት ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። ስምንቱም ክፍሎች እዚያው አንድ ላይ ይማራሉ፤ መምህሯ ብዙ ጊዜ ከዚያው ሰፈር የወጣች ያላገባች ልጅ ናት። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት የለም። ይህ ነገር አሜሪካ ውስጥ ሕግ መጣስ ነበር። በዊስኮንሲን ሦስት አባቶች ልጆቻቸውን ሃይ ስኩል አንልክም በማለታቸው እያንዳንዳቸው 5 ዶላር ተቀጡ። አሚሾች ፍርድ ቤት መካሰስ አይወዱም፤ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የገፉላቸው ከውጭ የሆኑ ወዳጆች ናቸው። በፈረንጆቹ 1972 ፍርድ ቤቱ ለአባቶቹ ፈረደ። እኔ ልጆቼን ኮሌጅ ለማስገባት በቀን ሁለት ሥራ የሠራሁ ሰው ነኝና ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይጎረብጠኛል። ጎበዝ የሆነች ሴት ልጅ በአሥራ አራት ዓመቷ ደብተሯን ስትዘጋ አይቻለሁ። እነሱ ግን «የቀረውን ከላሟ ጋር ትማረዋለች» ይላሉ፤ ቀልዳቸውን አይደለም። ልጁ ገና ጨለማ ሳለ ተነስቶ ወተት ያልባል። ላሟ «ዛሬ ስሜቴ ጥሩ አይደለም» ቢሏት አትሰማም። እሑድም ትታለባለች፣ ገናም ትታለባለች። ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያመሰግነው፣ በየቀኑ አንድን ነገር መሥራት፤ የሰባኪው ሥራ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ገጠር ስንል ግን አንታለል። ዛሬ በብዙዎቹ የአሚሽ ሰፈሮች አብዛኛው አባወራ ገበሬ አይደለም። ሕዝባቸው በየሃያ ዓመቱ ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ አሁን 400,000 ያህል ደርሰዋል። የላንካስተር መሬት ደግሞ በወርቅ ዋጋ ነው። ስለዚህ አናጢ፣ የቤት ዕቃ ሠሪ፣ ግንበኛ ሆኑ። እርሻው ቢቀርም የእርሻው ጠባይ አልቀረም። ጎተራ ሲቃጠል በአንድ ቀን መቶዎች ተሰብስበው ያቆሙታል፤ እኛ ደቦ የምንለው ነው። መብራት ከኤሌክትሪክ መስመር አያስገቡም፤ ስልኩ ከቤት ውጭ ትንሽ ጎጆ ውስጥ ነው። ቴክኖሎጂ ኃጢአት ነው ብለው አይመስላችሁ። የሚጠይቁት «ይህ ነገር ከጎረቤቴ ያርቀኛል ወይስ ያቀርበኛል?» ብለው ነው። ፈረስ ሩቅ አይወስድህም፤ ስለዚህ ጎረቤትህን ትፈልገዋለህ።

ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አላቸው፤ ገላሰንሃይት። በአማርኛ በአንድ ቃል ልተረጉመው ሞክሬ አልቻልኩም። ራስን መልቀቅ፣ እጅ መስጠት፣ «አንተ እንዳልህ» ማለት ነው። ለእግዚአብሔር፣ ለማኅበሩ፣ ለታላቅ። ልጅ ሲያሳድጉ የሚፈልጉት ይህን ነው። ዕጣ የሚጥሉትም ከዚህ የተነሳ ነው፤ ሰው ራሱን ሳይሾም እንዲሾም።

አሁን ወደ ጥምቀቱ ልምጣ፤ እኔን በጣም የገረመኝ እዚህ ላይ ያለው ነው። አሚሾች ሕፃን አያጠምቁም። በ1525 ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አናባፕቲስቶች እነ ኮንራድ ግሬበል እርስ በርሳቸው ተጠማምቀው ከተማውን ሁሉ ያስቆጡት፣ ከእነሱ አንዱ ፊሊክስ ማንዝም በ1527 በሊማት ወንዝ ተሰጥሞ የተገደለው በዚህ ምክንያት ነው። ከእነሱ ዘር በ1693 በያዕቆብ አማን መሪነት የተለዩት ናቸው አሚሽ የተባሉት። ስለዚህ ወጣቱ አሥራ ስድስት ሲሞላው የራሱ ጋሪ ይኖረዋል፣ ከእኩዮቹ ጋር ይወጣል፣ የሚያጨስም የሚጨፍርም አይጠፋም። ወላጆች አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። ከዚያ በሃያ ዓመቱ አካባቢ ይወስናል፤ ከአሥሩ ስምንት ዘጠኙ ይቀራሉ። በጋውን በሙሉ በ1632 የተጻፈውን የ18 አንቀጽ የእምነት መግለጫ ይማራሉ። በመጨረሻም «ተስሎ ከማፍረስ አለመሳል ይሻላል፤ አሁንም መመለስ ትችላላችሁ» ይባላሉ። ወንዶቹ ግን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለባቸው፦ አንድ ቀን እጣው ቢወድቅብህ ትቀበላለህ? አዎ ያላለ አይጠመቅም።

እስቲ ይህን አስቡት። የሃያ ዓመት ልጅ፣ ገና ጢሙ ሳይበቅል፣ የማያውቀውን ሸክም ለመሸከም አስቀድሞ ይፈርማል። አገልግሎት ለጥቂት ልዩ ሰዎች የሚሰጥ ጸጋ ሳይሆን በእያንዳንዱ ወንድ ራስ ላይ የሚያንዣብብ ነገር ነው። አናጢዬ ከተጠመቀ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። «አሥር ዓመት ሙሉ በየሹመቱ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለኝ።

አንድ ቀን ታዲያ «እናንተ አገር ሰባኪ እንዴት ይመረጣል?» ብሎ ጠየቀኝ። «አንዳንዱ ራሱ ይነሳል» አልኩት። እንግሊዝኛዬ የተበላሸ መስሎት ደግመህ ንገረኝ አለኝ። በስልኬ አንድ የኛን አገር ፖስተር ላሳየው ብዬ ነበር፣ ያን ፎቶው ከመድረኩ የሚበልጠውን፣ ከስሙ በፊት ሦስት ማዕረግ ያለውን። አፈርኩና መሪዬን ጨበጥኩ። ሁላችሁም ሳቃችሁ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ አልሳቅኩም።

እነሱ ዘንድ የሰበከ ሰው ሲጨርስ ይቀመጥና ሌሎቹን አገልጋዮችና ሽማግሌዎች «የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ» ይላል። በጉባኤው ፊት። እነሱም በተቀመጡበት ይናገራሉ። ማን እንደሚሰብክ የሚወሰነውም በዚያው ጠዋት፣ ሕዝቡ እየዘመረ አገልጋዮቹ ለብቻቸው ገብተው ሲመክሩ ነው። ተዘጋጅቶ ለማሳመር ጊዜ የለም።

ይህ አስተዳደግ ክፉ ቀን ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ዓለም ያየው በ2006 ነው። በመስከረም መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2 ቀን፣ ላንካስተር ካውንቲ ኒክል ማይንስ በምትባል ሰፈር አንድ ጎረቤት የሆነ ሰው መሣሪያ ይዞ ትምህርት ቤት ገባ። አሥር ሴት ልጆችን ተኮሰባቸው፤ አምስቱ ሞቱ፤ ራሱንም ገደለ። ገና ልጆቹ ሳይቀበሩ አሚሾች ወደ ገዳዩ ቤተሰብ ሄደው «ይቅር ብለናል» አሉ። በቀብሩም ላይ ተገኙ፤ ሚስቱን አቀፉ። ጋዜጠኞቹ ግራ ገባቸው፤ ይህን ማን አዘዘ፣ መቼ ተሰበሰባችሁ እያሉ ጠየቁ። ስብሰባ አላስፈለገም። አቡነ ዘበሰማያትን ከጡት ጋር የጠባ ሰው «በደላችንን ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለውን እዚያ ሲደርስ አዲስ ነገር አይሆንበትም። አልጎዳቸውም ማለት አይደለም። ልጇን ያጣች እናት ይቅርታዋን በየማለዳው እንደ ላሟ ወተት ነው የምታልበው።

አሁን ደግሞ የማይጥመውን ልናገር፤ ካላልኩት ውሸታም እሆናለሁ። ሴቶች ስም ይጠቁማሉ እንጂ ለእጣው አይቀርቡም። ከተጠመቀ በኋላ የወጣ ሰው ይገለላል፤ አንዳንዴ እናቱ ቤት ሲመጣ ለብቻው ገበታ ይቀርብለታል። እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ፤ እህቱ ስታገባ ለብቻው ጠረጴዛ በልቶ ወጣ። አለመናገር በሚመሰገንበት ቤት የተበደለ ልጅ አፉን ሳይከፍት ሊያድግ ይችላል፤ ይህም ደርሷል። እጣውም ቢሆን ሁልጊዜ ለሚችል ሰው አይወድቅም። አንደበቱ የታሰረ፣ በየሁለት ሳምንቱ ከመቆሙ በፊት የሚያስመልሰው ሰባኪ አለ፤ መልቀቂያ ደግሞ የለም።

እጣው ያለፈው ሰውስ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ እናንተን የሚነካ ታሪክ አለ። ኦሪ ሚለር በ1892 በኢንዲያና ገጠር ተወለደ። ቤተሰቡ የአሚሽ ሜኖናይት ነበሩ፤ ጋሪ ላይ ከቀሩት አሚሾች በ19ኛው መቶ ዓመት ተለይተው ኋላ ከሜኖናይቶች፣ ከሌላው የአናባፕቲስት ወገን፣ ጋር የተዋሐዱት ናቸው። አባቱ ሰባኪ ነበሩ። ኦሪም ሰባኪ ለመሆን ልቡ ይመኝ ነበር። አግብቶ ወደ ፔንሲልቬንያ መጣ፣ በአማቱ የጫማ ንግድ ገባ። ለእጣ ቀረበ፤ እጣው ሌላ ሰው ላይ ወደቀ።

በ1920 ሩስያ ውስጥ ሜኖናይቶች በረሃብ ሲያልቁ የእርዳታ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ተላኪዎች አንዱ ይኸው የጫማ ነጋዴ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ክሌይተን ክራትዝ እዚያው ጠፍቶ ቀረ። ኦሪ ግን ተመልሶ ጫማውን እየሸጠ ኮሚቴውን ለብዙ አሥርት ዓመታት መራ፤ የላንካስተር ሜኖናይቶች ሚሲዮንም ዋና ሰው ሆነ። በ1934 ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ) የገቡትን የመጀመሪያዎቹን ሚስዮናውያን አብሯቸው ሄዶ ቦታ መርጧል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ተራው የኢትዮጵያ ሆነ። በናዝሬት የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል ከተከፈተበት የእርዳታ ሥራና ቀጥሎ ከመጣው ሚሲዮን ጀርባ ኦሪ አለ። እኔ የተወለድኩት በዚያ ሆስፒታል ነው። ሹፌር ሆኜ ላንካስተር ስገባ ወደ አዋላጆቼ አገር እየሄድኩ መሆኔን አላወቅኩም ነበር።

የሆነውን ታውቁታላችሁ። በፈረንጆቹ 1951 የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች ተጠመቁ። ቤተ ክርስቲያኒቱ መሠረተ ክርስቶስ ተባለች፤ «ከተመሠረተው በቀር ማንም ሌላ መሠረት ሊመሠርት አይችልምና» ከሚለው ቃል። ሜኖናይቶች ስማቸውን የወረሱት ሜኖ ሲሞንስ በየጽሑፉ መጀመሪያ ያስቀምጠው የነበረው ጥቅስ ይኸው ነው። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ቤቱን ዘጋው፣ ንብረቱን ወሰደ፣ መሪዎችን አሰረ፤ ከአራት ዓመት በላይ የታሰሩ አሉ። ያን ጊዜ አባላቱ 5,000 ያህል ነበሩ። ምእመናኑ አምስትም ሰባትም እየሆኑ በየቤቱ፣ በሹክሹክታ፣ መዝሙር ሳያሰሙ ተሰበሰቡ። በሩ ሲከፈት ከ34,000 በላይ ሆነው ወጡ። ይህን ለአናጢዬ ስነግረው ቁጥሩ አላስደነቀው። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መሪዎቹ ሲታሰሩ ማን ሰበከ?» የቤት እመቤቷ፣ ተማሪው፣ ልብስ ሰፊው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እጣ ነው እንግዲህ» አለ።

የመጀመሪያ ስብከቱን የሰበከ ሰሞን ሰኞ መጣ፣ ከፊት ተቀመጠ። «እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ሃያ ደቂቃ። ከዚያ የማውቀው አለቀ።»

«ሽማግሌዎቹስ ምን አሉህ?»

ከኋላ ያሉት ሽማግሌ ቀድመው መለሱ፤ «ዮናስ በመርከቡ ላይ ሳይሆን በዓሣው ሆድ ውስጥ ነው የጸለየው አልነው።»

አናጢው ሳቀ። ከዚያ ሰኞ ወዲህ እንደገና ስለ ፈረስ ማውራት ጀመረ።